ዘፈንና ተቀባዩ

ዘመን በተለወጠ ቍጥር ሰው ደስታውን የሚያገኝበት መንገድ አብሮ ይለወጣል። አያቶቻችን ሠርግና ክብረ በዓል ጠብቀው፣ በእግራቸው ተጕዘው ይሰሙት የነበረውን ዘፈን የዛሬው ወጣት በኪሱ ይዞት ይዞራል። አሁን ደግሞ ከዚህም ያለፈ ነገር መጥቷል። ሰው ከቤቱ ወንበር ሳይነሣ ዐይኑን በመነጽር፣ ጆሮውን በማዳመጫ ሸፍኖ፣ በብዙ ሺሕ ሕዝብ መካከል ቆሞ ዘፋኙን ፊት ለፊት የሚያይ እስኪመስለው ድረስ የሚያደርግ መሣሪያ ተሠርቷል። ባለቤቶቹ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ይሉታል፤ በእኛም ቋንቋ «ምናባዊ እውነታ» ተብሎ ተተርጕሟል። እንግዲህ በዚህ መሣሪያ የሚታየው የሙዚቃ ትርዒት፣ ሰዎች በአካል ተሰብስበው ከሚያገኙት ደስታና መቀራረብ ጋር ሊተካከል ይችላልን?

ጥያቄው በመጀመሪያ ሲያዩት የሀብታም አገር ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን ነገ በአንድ ወረዳ የባህል ወይም የወጣቶች ጕዳይ ጽሕፈት ቤት ተመድቦ፣ ለሕዝብ መዝናኛ የተያዘችው ጥቂት ገንዘብ በምን ላይ እንድትውል አሳብ የሚጠየቀው ይህን ጽሑፍ የሚያነበው ተማሪ ወይም ወጣት ሠራተኛ ነው። መስኮትና መነጽር ይገዛባት፣ ወይስ ሰው የሚሰበሰብበት አዳራሽና መድረክ ይሠራባት? መልሱ የሚያሻው ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ነገሩን በሩቅ አገር ምሳሌ ብቻ ሳይሆን፣ በራሳችን አገር ዳርቻ፣ በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ላይ አድርገን ልንመረምረው ወደድን።

መተማን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ከአዘዞ ተነሥቶ በአይከልና በገንዳ ውሃ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ፣ ከጎንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር ከሚጠጋ ጕዞ በኋላ መተማ ዮሐንስ ላይ ያበቃል፤ ከድልድዩ ማዶ ያለው ገላባት የሱዳን ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ለሞት ያበቃቸውን ቍስል የተቀበሉበት ስፍራ መሆኑን የማያውቅ ተማሪ የለም። አገሩ ሙቀቱ የበረታ፣ ከታላላቅ መድረኮች የራቀ፣ ስመ ጥር የሙዚቃ ጓድ እንደ ልብ የማይመላለስበት ነው። እንግዲህ ዘፋኙ ሳይሄድ ዘፈኑን የሚያደርስ መሣሪያ የሚያስፈልገው ቦታ ቢኖር መተማ ነው ለማለት ያስደፍራል። መሣሪያው ይህን ያህል በሚፈለግበት አገር ጕድለት ከተገኘበት፣ ጕድለቱ የእውነት ነው።

አስቀድመን ግን ለመሣሪያው የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ትራቪስ ስኮት የተባለው አሜሪካዊ ዘፋኝ ፎርትናይት በሚባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ባቀረበው የመጀመሪያ ትርዒት 12.3 ሚሊዮን ሰዎች በአንድ ጊዜ እንደ ተገኙ የጨዋታው ባለቤቶች አስታውቀዋል። ያ ትርዒት በመነጽር ሳይሆን በተራ መስኮት የታየ ቢሆንም የነገሩን መንገድ አሳይቷል፤ ይህን ያህል ሕዝብ የሚይዝ ስታዲየም በዓለም ላይ የለምና። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ደግሞ፣ በፈረንጆች ዘመን መለወጫ ሌሊት፣ ፈረንሳዊው ሙዚቀኛ ዣን ሚሼል ዣር በፓሪስ ካለ ስቱዲዮ ሆኖ ሲጫወት፣ ተመልካቹ በምናብ በተሠራ የኖትር ዳም ካቴድራል ውስጥ አየው። እውነተኛው ካቴድራል ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በላይ ቀደም ብሎ በእሳት ተቃጥሎ ተዘግቶ ነበር፤ የዓለምም ሕዝብ በወረርሽኙ ምክንያት በየቤቱ ተከቶ ነበር። የተዘጋውን ቤተ መቅደስ ለተዘጋበት ሰው መክፈት ታላቅ ጥበብ አይደለም የሚል ቢኖር እኛ ከእርሱ ጋር አንስማማም።

ደግሞም አዲስ መሣሪያ በመጣ ቍጥር «እንግዲህ ጨዋታ ቀረ» ብሎ ማልቀስ የቆየ ልማድ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ባስቀረጹ ጊዜ፣ የሰው ድምፅ ከሰውየው ተለይቶ መሄድ መቻሉ ለአገራችን አዲስ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ራዲዮ መጣ፤ ካሴት መጣ፤ የእጅ ስልክም ተከተለ። አዝማሪው ግን ማሲንቆውን አልጣለም። ይልቁንም አንድ ትልቅ ፈተና በዓይናችን አይተናል። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሰዓት እላፊ ታውጆ በነበረ ጊዜ፣ ሰው ማታ ወጥቶ ዘፈን መስማት አልቻለም ነበርና ካሴት የሌሊቱን ጨዋታ ተክቶ በየቤቱ ገባ። ካሴት የተቻለውን ያህል አገለገለ። ይሁን እንጂ የሰዓት እላፊው ሲነሣ ሰው «ካሴቴ ይበቃኛል» ብሎ በቤቱ አልቀረም። በ1980ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ በካዛንቺስና በሌሎችም ሰፈሮች የአዝማሪ ቤቶች እንደ አሸን ፈሉ። ካሴቱን በልቡ የሸመደደው ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ተጨናንቆ፣ በዱካ ላይ ተቀምጦ ሊሰማ የሄደው ምን ቀርቶበት ነው?

የቀረበትን ለማወቅ ወደ ቆላው እንውረድ። በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ሰሊጥ ከደረሰ ቀጠሮ አይሰጥም። ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ዘሩ መሬት ላይ ከመርገፉ በፊት ማጨድና ማሰር ያስፈልጋልና፣ በየዓመቱ ከመስከረም ጀምሮ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ከደጋው ይወርዳል። ከጎጃም የመጣው፣ ከወሎ የመጣው፣ ከጎንደር ደጋ የመጣው በአንድ እርሻ ይውላል፤ ስሙን የሚያውቅለት፣ የአባቱን አገር የሚጠይቀው ሰው ግን ላይኖር ይችላል። ከእርሻው ወጥቶ ወደ ከተማ በገባባት ምሽት ማሲንቆ ከሚሰማበት ቤት ይገባል። አዝማሪው ገና ከበር ሲያየው ከአለባበሱና ከአነጋገሩ ተነሥቶ የመጣበትን አገር ይገምታል፤ ያንኑም አገር እያነሣ ያወድሰዋል። ሳምንታት ሙሉ በቍጥር ብቻ ሲታወቅ የሰነበተ ሰው በዚያች ቅጽበት ባለ አገርና ባለ ስም ይሆናል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ልብ ይሏል። ሠራተኛው ይሞቀውና «ተቀበል!» ይላል። የራሱን ስንኝ ይሰጣል፤ ስለ እናቱ ናፍቆት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሙቀቱ፣ ወይም ኪሱን ስላራቈተው ደላላ ሊሆን ይችላል። አዝማሪው ስንኙን ተቀብሎ በማሲንቆው አሳምሮ ለቤቱ ሁሉ ያሰማለታል። ስም ሳይጠራ፣ በሰምና ወርቅ ተሸፍኖ የተነገረው ነገር ባለቤቱን ያገኘዋል፤ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰው ከሣቀ ታርቋል፣ ከተቈጣ ታውቆበታል። ሌላው ደግሞ ከማዶ ተነሥቶ በተራው «ተቀበል!» ይላል። ገንዘብ በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጠፋል፤ ትከሻ ትከሻን አይቶ ይነቃነቃል። ሌሊቱ ሲያልቅ የተዘፈነው ዘፈን በቤቱ የነበሩት ሁሉ ያዋጡት ነው። በማግሥቱ ሌላ ሰው ስለሚመጣ ዘፈኑም ሌላ ይሆናል።

«ተቀበል» የምትለው ቃል የነገሩን ምሥጢር የያዘች ትመስለናለች። በደቦና በአጨዳ ጊዜ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ በዚያ ተቀባዩ ሕዝቡ ነው። በአዝማሪ ቤት ግን አድማጩ ይሰጣል፣ ዘፋኙ ይቀበላል። በእኛ አገር ልማድ መስማትና መዝፈን እንደ ሻጭና ገዢ የተለያዩ ሥራዎች ሳይሆኑ እንደ ተጐራባች እሳት የሚጫጫሩ ናቸው። ከቋራ በስተደቡብ በቤኒሻንጉል የበርታ ሕዝብ የሚነፋው ዙምባራ ደግሞ ይህን ከሁሉ አጕልቶ ያሳያል። እያንዳንዱ ሰው የሚነፋው መለከት አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ ዜማው የሚገኘው ሁሉም በየተራው በትክክለኛው ጊዜ ሲነፋ ነው። አንዱ ከቀረ ዜማው ይጐድላል። ያን ዜማ ብቻውን ሊይዘው የሚችል ሰው የለም።

እንግዲህ ምናባዊው ትርዒት ይህን ማድረግ ይችላልን? ዘፈኑን ወደ መተማ ያመጣል፤ ከመተማ ግን አይቀበልም። ፎርትናይት ላይ የታየው ትርዒት አስቀድሞ የተዘጋጀ ሥዕል ስለ ነበረ፣ ሚሊዮኖቹ ቢሣቁም ቢያለቅሱም ዘፋኙ አንዲት ቃል አይለውጥም ነበር። «ነገ ይሻሻላል፤ ተመልካቹም መልስ የሚሰጥበት ይሆናል» ለሚለን ደግሞ በከፊል እውነት ነው እንላለን። ነገር ግን የማይሻሻል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ርቀት ነው። ሙዚቀኞች አብረው ለመጫወት የአንዱ ድምፅ ለሌላው ከአንድ ሰከንድ አንድ ሺሕኛ ክፍል 30 በሚያህል ጊዜ ውስጥ ሊደርስ ይገባል። ይህም ሁለት ሰዎች አሥር ሜትር ያህል ተራርቀው ሲጫወቱ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ከዋሽንግተን ተነሥቶ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ መልእክት ግን በመስተዋት ሽቦ ውስጥ በብርሃን ፍጥነት ቢሄድም፣ በመንገዱ ርዝመት ብቻ ከአንድ ሺሕኛው ክፍል ከመቶ በላይ ይወስድበታል። ያን መዘግየት ምንም ያህል ገንዘብ አይገዛውም። ተረጋግቶ ለሚሰማ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ለጭብጨባ፣ ለእልልታና ለተቀባይ ግን ሁሉ ነገር ነው። ዘግይቶ የመጣ «አሃ!» ዘፈን ያበላሻል እንጂ አያሞቅም።

ከዚህም ሌላ መነጽሩን ያጠለቀ ሰው በምናብ ከሩቁ ሕዝብ ጋር ሲገናኝ አጠገቡ ያለውን ሰው አያይም። ለአንድ ሰዓት ያህል ወንድሙም እናቱም በሌሉበት ዓለም ይኖራል። በመተማ ቤት ውስጥ ግን የተጠማ አጠገቡ ላለው ይጠቁማል፤ የደከመውን ይደግፉታል፤ የታመመ ሠራተኛ ከሆነ ጓደኞቹ ሐኪም ዘንድ ያደርሱታል። ዘፈኑ ሰበብ ነው፤ መሰብሰቡ ግን ዕድርም፣ ዜና ማሰራጫም፣ ሥራ መፈለጊያም፣ አንዳንድ ጊዜም ሽምግልና ነው።

ይህን የሚሉት የማሲንቆ ወዳጆች ብቻ አይደሉም፤ የአዲሱ ጥበብ ባለቤቶችም ሳይወዱ መስክረውለታል። አባ የተባለው የስዊድን የዘፈን ጓድ ከግንቦት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በለንደን የሚያሳየው ትርዒት አለ። በዚያ መድረክ ላይ የሚታዩት አራቱ ዘፋኞች ሰዎቹ ራሳቸው ሳይሆኑ በኮምፒዩተር የተሠሩ የወጣትነት አምሳላቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ለዚሁ ትርዒት ሲባል 3,000 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ተሠራ፤ ሙዚቃውንም በአካል የተገኙ ሙዚቀኞች ያጅቡታል። ዘፋኙን በምስል መተካት ተቻለ፤ አድማጩን ግን ለመተካት አልተሞከረም። ሕዝቡም ምስል መሆኑን እያወቀ ከፍሎ የሚገባው ከሌላው ሕዝብ ጋር ሆኖ ለመዝፈን ነው።

ወደ ድንበሩ እንመለስ፤ መተማ ከሌላው ቆላ የሚለይበት ነገር አለና። ከድልድዩ በወዲያና በወዲህ ያለው ሕዝብ ቋንቋው ቢለያይም የሱዳንም የእኛም ዜማ በአብዛኛው በአምስት ድምፅ የተቃኘ ስለ ሆነ ጆሮው ይግባባል። የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ በካርቱም ይወደድ ነበር፤ የመሐመድ ወርዲም ድምፅ በአዲስ አበባ እንደ ራሳችን ሰው ይሰማል። ወርዲ ከአገሩ በስደት በወጣ ጊዜ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1990 በጋምቤላ ኢታንግ ለነበሩት ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች ሄዶ ዘፍኗል፤ በ1994ም በአዲስ አበባ የተጫወተው ሙዚቃ ተቀርጾ ወጥቶ እስከ ዛሬ ይሰማል። የሰሜኑ ሱዳን ተወላጅ በጦርነት ተቃርነው የነበሩትን የደቡቡን ሰዎች በመጠለያቸው ሄዶ በአካል ማየቱ፣ ከዘፈኑ ግጥም የበለጠ ቃል ነበረው። ካሴቱን ቢልክላቸው ኖሮ ዘፈኑ ይደርሳቸው ነበር፤ እርሱ መምጣቱ ግን አይደርሳቸውም ነበር።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገብተዋል፤ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎችም ተቀምጠው ነበር። ቤቱንና ሰፈሩን ላጣ ሰው በመነጽር የካርቱምን መንገድ ማሳየት ይቻል ይሆናል፤ እንባውንም ያመጣበት ይሆናል። ነገር ግን መነጽሩን ሲያወልቅ ዞሮ የሚያየው ያንኑ ድንኳን ነው። የአካባቢው ሰው ማሲንቆውን፣ እርሱም ዑዱን ይዘው በአንድ ዳስ ሥር ቢቀመጡ ግን፣ ጨዋታው ሲያልቅ ቢያንስ አንድ የሚያውቀው ሰው ይተርፈዋል።

ይሁን እንጂ የነገሩን ሌላ ወገን ካልተናገርን ፍርዳችን የጐደለ ይሆናል። ወደ መሰብሰቢያው መሄድ የማይችል ሰው ብዙ ነው። አልጋ የያዘ በሽተኛ አለ፤ መንቀሳቀስ የማይችል አካል ጉዳተኛ አለ፤ ማታ ወጥታ በሰላም የመመለሷ ነገር የሚያሳስባት ሴት ልጅ አለች፤ በባሕር ማዶ ሆኖ ለአገሩ ሠርግ የሚናፍቅ ወገን አለ። መንገድ በጸጥታ ምክንያት የተዘጋበት ጊዜም በቆላው ታይቷል። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለ ጊዜ ሁላችንም የእነዚህን ሰዎች ኑሮ ቀምሰነዋል። ለእነርሱ «በአካል ካልመጣህ አይሆንም» ማለት ጭካኔ ነው። ምርጫቸው በመነጽሩና በአዳራሹ መካከል ሳይሆን በመነጽሩና በዝምታ መካከል ነውና፣ መነጽሩ ይግባላቸው እንላለን።

ነገር ግን እርሱም በርካሽ አይገኝም። ለብዙ ሰው ታስቦ የተሠራው ኩዌስት 3ኤስ የተባለው መነጽር በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለገበያ ሲወጣ ዋጋው 300 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር። መነጽሩ ቢገዛም መብራትና ኢንተርኔት ይሻል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቈይ፣ በመስመር ላይ የተመሠረተ ደስታ ሁሉ በአንድ ቀን ጠፍቶ ነበር። ማሲንቆ ግን የፈረስ ጭራና አንድ ብርቱ ክንድ ይበቃዋል።

ስለዚህ ለተነሣው ጥያቄ መልሳችን የሚከተለው ነው። ምናባዊው ትርዒት ለመስማትና ለማየት በአካል ከመገኘት ጋር ሊቀራረብ፣ አንዳንዴም ሊበልጥ ይችላል፤ ለመቀባበል ግን አይተካከለውም። ሁለቱን የምናደባልቅ ከሆነ የምናጣው ነገር እስኪጠፋ ድረስ አናውቀውም፤ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል እንደ ተባለው።

ከዚህ ተነሥተን ለወጣት ሠራተኞች የምንመክረው አለ። በመጀመሪያ፣ የተገኘችው ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ የምትሠራ ከሆነ ጥላ ያለው፣ መብራት ያለው፣ ሴቶችም ያለ ስጋት የሚመጡበትና በጊዜ የሚመለሱበት መሰብሰቢያ ይሠራባት። ለሰሊጡ ወቅት የሚወርደውንም ሠራተኛ እንደ ጕልበት ብቻ አትቍጠሩት፤ ምሽቱንም አስቡለት። ሁለተኛ፣ አዝማሪውን እንደ ለማኝ የሚያይ ያረጀ ንቀት ይቅር፤ ለበዓል ስትጠሩት እንደ ማንኛውም ባለሙያ ዋጋውን ክፈሉት። ሦስተኛ፣ አዲሱን መሣሪያ አታባርሩ፤ ሥራውን ግን ምረጡለት። የሸመገሉ አዝማሪዎችን አጨዋወት፣ የጣታቸውን አያያዝና የቤቱን ሁኔታ ጭምር በዙሪያ ምስል ቀርጾ ለሙዚቃ ተማሪ ማስቀረት የሚችል ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም። ለበሽተኛውና ለሩቁ ወገንም መስኮት ይሁን። መስኮት ግን በር አይደለም፤ በመስኮት ያያሉ እንጂ አይገቡበትም።

ለተማሪውም አንድ ቃል እንጨምር። በዕረፍት ጊዜህ ወደ ቆላው ብትወርድ ስልክህን አውጥተህ ለመቅረጽ አትቸኵል። መጀመሪያ ተቀመጥ፤ ስማ፤ ከዚያም ድፍረት ካገኘህ «ተቀበል!» በል። ስንኝህ ደካማ ቢሆን እንኳ አዝማሪው ያቀናልሃል፤ ቤቱም ይሥቅልሃል እንጂ አይሥቅብህም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ብቻውን መነጽር አጥልቆ የዓለምን ዘፈን ሁሉ የያዘ ሰው ሃምሳውን ሎሚ ለብቻው ተሸክሟል፤ በመተማ ምሽት ላይ የተቀመጠው ግን የያዘው አንዲቱን ብቻ ቢሆንም፣ የሃምሳውን ሁሉ መዓዛ ያሸታል።